ማን ሞቶ ነው?

ቢቸና ላይ ትልቅ ሰው ከሮጠ ምክንያቱ ከሦስት አያልፍም፤ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይ ሌባ ታይቷል። አራተኛ ምክንያት አለ ብዬ ለማስረዳት የሞከርሁት እኔ ነኝ። አልተሳካልኝም።

ኅዳር ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ዘመድ ከአዲስ አበባ የላከልኝን ሰማያዊ ቱታ ለብሼ፣ አንገቴ ላይ ፊሽካ አንጠልጥዬ፣ የ11 ዓመቱን ማሙሽን አስከትዬ ሶምሶማ ጀምሬያለሁ። «አስከትዬ» የምለው ለወጉ ነው። ማሙሽ የእናቱን ጋቢ እንደተከናነበ፣ አንድ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ ለገበያ እንደሚነዳ በግ ነው የሚጎተተው። መቶ ሜትር ሳንሄድ ከኪዳን የሚመለሱ አንድ አባት አዩንና ቆሙ። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ሐዘኑን ከወሬው በፊት ፊታቸው ላይ አዘጋጅተው፣

«ልጄ፣ ምነው? ማን ሞቶ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ ማንም አልሞተም አባ። ስፖርት ነው።»

ማሙሽን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ታዲያ ልጁን ይዘህ ከማን ነው የምትሸሸው?»

በማግስቱ ጭራሽ ባሰ። ማሙሽ ወደ ኋላ ስለቀረ ብቻዬን ሳልፍ ያዩኝ ሁለት ጎረምሶች ዱላ ይዘው ከግቢ ብቅ አሉና ከጎኔ እየሮጡ «በየት ገባ? በየት ገባ?» ይሉኝ ጀመር። ሌባ የለም ብላቸው አላመኑኝም፤ ፊሽካዬን እያዩ እንዴት ይመኑኝ! እስከ አስፋልቱ ድረስ አብረን ሮጥን። እውነቱን ለመናገር በዚያ ኅዳር በእኔ ጥረት ስፖርት የሠሩት እነዚያ ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው።

ነገሩን የጀመረው አንድ የፈተና ወረቀት ነው። ማሙሽ በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት 20 ከ20 አምጥቶ እየተንቀባረረ ገባ። ወረቀቱን ገለጥ ሳደርግ «የእጅ ኳስ ሜዳ ርዝመትና ስፋት ስንት ነው?» ይላል። ማሙሽ «40 ሜትር በ20 ሜትር» ብሎ መልሷል። ትክክል ነው። በሕይወቱ የእጅ ኳስ ነክቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሥሎልናል» አለኝ።

እስኪ እስከ በሩ ደርሰህ ተመለስ አልሁት። ግቢያችን ሰፊ የሚባል አይደለም፤ ዶሮ ሳትደክም ታቋርጠዋለች። ማሙሽ በሩን ነክቶ ሲመለስ ጎኑን ይዞ ቁና ቁና ይተነፍስ ነበር። 20 ከ20 ያመጣ ልጅ ነው እንግዲህ።

ጥፋተኛ ፍለጋ ጀመርሁ። እንደ ማንኛውም ወላጅ መጀመሪያ የከሰስሁት ስልኩን ነው። ስልኩ ግን የኔ ነው፤ የምስጢር ቁጥሩንም የነገርሁት እኔ ነኝ፤ የነገርሁትም እንግዳ ሲመጣ ዝም እንዲልልኝ ነው። ቀጥሎ ባጃጁን ከሰስሁ። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ ሰነፍ ልጅ እንኳ በ10 ደቂቃ ይደርሳል። ባጃጅ የጀመረው በክረምት፣ በጭቃው ምክንያት ነበር። ጭቃው ሲደርቅ በፀሐዩ ምክንያት ቀጠለ። ፀሐዩ ሲበርድ በአቧራው። በመጨረሻ ምክንያት ሲጠፋ ባለቤቴ እውነቱን አወጣችው፦ የጎረቤት ልጅ በባጃጅ እየሄደ የኛ በእግሩ ሲኳትን ሰው ምን ይላል?

ወደ ኋላ ሄጄ ባስብ ደግሞ ከባጃጁም ከስልኩም በፊት እኔ ራሴ አለሁበት። ማሙሽ መራመድ ከቻለባት ቀን ጀምሮ ከአፌ ያልተለዩ ቃላት «አርፈህ ተቀመጥ»፣ «አትሩጥ፣ ትወድቃለህ» እና «ቁጭ በል ብያለሁ» ናቸው። በሀገራችን ደንብ ጨዋ ልጅ ማለት እንግዳ ሲመጣ እጅ ነስቶ ጥጉን የሚይዝ፣ ሲጠሩት «አቤት» ብሎ ሲያሰናብቱት ወደ ጥጉ የሚመለስ ነው። ጨዋና ጨዋታ በድምፅ እንዲህ ተቀራርበው በሥራ ግን የሚተዋወቁ አይመስሉም። የእኛ የትልልቆቹ ጨዋታማ በመቀመጫ ነው። «ና እስኪ እንጫወት» ብሎ የሚጠራህ ሰው ወዲያው ወንበር ነው የሚያቀርብልህ። ተጫውተን ተጫውተን ስንነሳ እግራችን ደንዝዞ ግድግዳ እንይዛለን።

ተረቶቻችንም ቢሆኑ ከሩጫ ጋር ዝምድና የላቸውም። «ከመሮጥ ማንጋጠጥ» ይላል አንዱ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል ሌላው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉሃል፣ መቀነትህን እንኳ ተቀምጠህ እንድትታጠቅ። እንቁላልም በእግሯ እንድትሄድ የተፈቀደላት ቀስ በቀስ ከሆነ ብቻ ነው። በዓለም ፊት በሩጫ የታወቀች ሀገር ይህን ያህል ፀረ ሩጫ ተረት ከየት እንዳከማቸች ይገርመኛል። ምናልባት የሚሮጡት ተረቱን ለመስማት ስላልቆሙ ይሆናል።

ብቻ እኔ ቆርጬ ተነሳሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ያህል ላብ ላብ የሚያሰኝ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል ይላል። ድርጅቱ በዓለም ዙሪያ ባሰባሰበው ጥናት ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ከአምስቱ አራቱ ይህን አያሟሉም። ማሙሽ ከአራቱ መሆኑ ነው፤ ብቻውን አለመሆኑ ትንሽ አጽናናኝ። ወዲያው ካርቶን ቀድጄ ቻርት ሠራሁ፤ ጠዋት 30፣ ማታ 30 ደቂቃ፣ ከጎኑ የምልክት ማድረጊያ ሣጥን። ግድግዳው ላይ ስሰቅለው የ13 ዓመቷ እህቱ ከጓዳ ውሃ የሞላ ጀሪካን እየጎተተች አለፈችና ቻርቱን ቆማ አነበበችው።

«የኔስ የት አለ?» አለች።

ለሷ ቻርት እንደማያስፈልጋት ነገርኋት። ያን ጊዜ የታየኝ መልስ እሱ ነበር፤ የምትሸከመው፣ የምትላላከው፣ የምትፈጨው ከ60 ደቂቃ በላይ ነው ብዬ። ያላሰብሁት ግን አለ። ይህቺ ልጅ እስከ 10 ዓመቷ ድረስ ገመድ ስትዘል፣ ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወት እግሯ መሬት አይነካም ነበር። ከዚያ አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት ተሰብስቦ «ሴት ልጅ አትዘልም» አላትና ገመዱ ልብስ ማስጫ ሆነ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና 10,000 ሜትሩን አሸንፋ ባንዲራ ስታውለበልብ እልል ያሉት እነዚሁ አክስቶች ናቸው።

ቻርቱ ብቻውን ማሙሽን ከአልጋ አላወረደውም። ስለዚህ ታሪክ መተረክ ጀመርሁ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ አሰላ አካባቢ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሄዶ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ እንደሚመለስ፣ ደብተሩን በግራ ብብቱ ይዞ ከመሮጡ የተነሳ ዓለምን ሲያሸንፍ እንኳ ግራ ክንዱ ጠመም እንደሚል ነገርሁት።

ማሙሽ በጥሞና ሰማኝ።

«ባጃጅ አልነበረም?»

አበበ ቢቂላን አመጣሁ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር። ይህኛው ሠራ። ችግሩ ከመጠን በላይ መሥራቱ ነው። በማግስቱ ማሙሽ ከትምህርት ቤት በባዶ እግሩ ገባ። አዲሱን ሸራ ጫማውን «እንደ አበበ» አውልቆ ግንብ ላይ አስቀምጦት ሲመለስ አጥቶታል። ጫማውን የወሰደው ልጅ እንደ አበበ መሆን ያልፈለገ መሆን አለበት። ባለቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የአትሌቲክስ ታሪክ እንዳይነገር ከለከለች።

ቀጥሎ ወደ ገንዘብ ሄድሁ። ግቢውን አንድ ዙር የሮጠ 5 ብር። ጤፍ ነጋዴ በበዛበት ከተማ የሚኖር ልጅ ይህን ለማስላት ጊዜ አልፈጀበትም። የመጀመሪያው ቀን 4 ዙር፣ ሁለተኛው 6፣ ሦስተኛው 10 ዙር ሮጫለሁ አለኝ። ቻርቱ በምልክት ተሞላ። እኔም ደስታዬን ቢሮ ለሚያውቁኝ ሁሉ አወራሁ። በአምስተኛው ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ስመለስ ግቢውን የሚዞረው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ማሙሽ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቆሎ እየቆረጠመ ዙር ይቆጥርለታል። ለካ ሥራውን በዙር 2 ብር ለንዑስ ተቋራጭ ሰጥቶ 3 ብሩን ለራሱ ያስቀራል። ልቆጣ አስቤ ነበር፤ ግን አንድ ቀን የት እንደሚደርስ አስቤ ትንሽ ኮራሁበት።

በኋላ ሳነብ ይህ ነገር አሜሪካኖቹንም ገጥሟቸው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ ተመራማሪዎቹ ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት ይባላሉ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሕፃናት ማቆያ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ፣ በቀለም መሣል የሚወዱ ልጆችን መረጡና ከፊሎቹን «ከሣላችሁ ወርቃማ ማኅተምና ሪባን ያለው ሰርተፊኬት ትሸለማላችሁ» አሏቸው። ልጆቹ ሣሉ፣ ተሸለሙ። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ሽልማቱ ቀርቶ ቀለሙ ብቻ ሲቀመጥላቸው ለሽልማት የሣሉት ቀለሙን የሚያነሱት ያልተሸለሙት የሚያነሱትን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ቀድሞ የሚወዱትን ነገር ደመወዝ ሲገባበት ሥራ አደረጉት። እኔም 5 ብር ሳቋርጥ ማሙሽም የጎረቤቱም ልጅ በአንድ ቀን ሥራ አቆሙ። የዚያ የጎረቤት ልጅ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ከዚያ በፊት በነጻ ነበር ሲሮጥ የሚውለው።

እዚህ ላይ አንድ ምሥጢር ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ንጋት፣ ቱታዬን ለብሼ ብርድ ልብሱን ስገፍፈው፣ ማሙሽ ብድግ ብሎ ያለኝ «ደህና አደርህ» አልነበረም።

«አባዬ፣ ምን አጠፋሁ?» ነው ያለኝ።

ነገሩ ወደ ልቤ የገባው ዘግይቶ ነው። ልጁ አልተሳሳተም። ብርጭቆ ሲሰብር «ግቢውን 10 ዙር!» የምለው እኔ ነኝ። እኔስ ከየት አመጣሁት? እኔ የተማርሁበት ትምህርት ቤት፣ ስሙ ይቆይና፣ ያረፈደ ሜዳውን 5 ዙር፣ ያወራ ጆሮውን ይዞ ቁጭ ብድግ፣ የቤት ሥራ ያልሠራ እንደ ዳክዬ ቁጢጥ ብሎ እስከ ባንዲራው ነበር የሚሄደው። ጎበዝ ተማሪ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያየን ነበር። 12 ዓመት ሙሉ እንዲህ ተምሬ፣ ሰውነቴ ሩጫን ከጥፋት ለይቶ አያውቅም። ዛሬም ትንሽ ከሮጥሁ ልቤ የሚመታው ከድካም ይልቅ ከጥፋተኝነት ስሜት ይመስለኛል።

በዚያ ዓመት ገና ዓርብ ዋለ። ሁላችንም ረቡዕ ከሰዓት ወደ እናቴ ሞጣ ሄድን። ደብረ ወርቅን፣ ጉንደወይንን፣ ቀራንዮን አልፈን እስክንደርስ ማሙሽ ጨዋታ ተጫወተ፤ በስልክ። እኔ ደግሞ በመስኮት የታጨደውን ማሳ እያየሁ የልጅነቴን እግሮች አስባለሁ። በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ የቆሎ ተማሪ የማይሄድበት መንደር አልነበረም። አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ደርቦ፣ ከዲማ ጊዮርጊስ ወደ ደብረ ወርቅ፣ ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው በእግሩ ይመላለሳል። ሐዲስ ዓለማየሁም በእነዚህ ደብሮች ዞረው የተማሩ ናቸው። የቆሎ ተማሪን አሠልጣኝ ታውቃላችሁ? ውሻ ነው። በየደጃፉ «በእንተ ስማ» ሲል ያባረረው ውሻ ሁሉ ደመወዝ የማይከፈለው አሠልጣኝ ነበር። የሀገራችን የሩጫ ታሪክ ሲጻፍ የውሻ ውለታ ለምን እንደሚዘለል አይገባኝም።

እናቴ ልጆቹን ስማ ስትጨርስ ስለ ቻርቱ፣ ስለ ሶምሶማው፣ ስለ 60 ደቂቃው አስረዳኋት። አዲስ አበባ ላይ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወር አንድ እሑድ አስፋልት ለመኪና እየተዘጋ ልጅ አዋቂው እንዲሮጥበት መደረጉንም ነገርኋት።

«መንገዱ ድሮስ የማን ኖሯል?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ።

«እኔን ማን አሯሯጠኝ ታዲያ?» አልሁ፣ ነገሩን ለማለዘብ።

«እኔ ነኛ። በአርጩሜ።»

ማታ እሳት ዳር ስለ ሰባራ ድልድይ አወራቻቸው። ከሞጣ ወደ ሰሜን ዓባይ ላይ ያለው፣ ከአፄ ፋሲለደስ ዘመን የመጣው የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣልያን ጊዜ አርበኞች መሐሉን ሰበሩት፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የጎጃምና የጎንደር ገበያተኛ የተሰበረውን የሚያቋርጠው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ ማዶ የቆሙ ጎበዞች እየጎተቱት፣ ከሥሩ ዓባይ እያገሳ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የውጭ በጎ አድራጊዎች ጠገኑት፤ ብዙም ሳይቆይ ጎርፍ ወሰደው፤ በኋላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። እናቴ አባቷ በገመዱ ሲሻገር ዓይኑን ይጨፍን እንደነበር፣ ፍየሉ ግን እንደማይጨፍን ነገረቻቸው። ማሙሽ አፉን ከፍቶ ሰማና ስትጨርስ፣

«ምልክት የሚያደርገው ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ቻርቱን ማለቱ ነው።

በነጋታው፣ የገና ዋዜማ፣ የሰፈሩ ልጆች ገና ሊጫወቱ ሲሰበሰቡ እናቴ ከደጃፍ ቆማ አዋጅ ተናገረች። «አውድማው ላይ እንዳትረግጡ! ከክምሩ እንዳትደርሱ! ከዚያ ከገደሉ ማዶ የሄደ እግሩን እሰብራለሁ!» ልጆቹ በአንድ አፍ «እሺ እምዬ!» አሉና በቀጥታ ወደ ገደሉ ማዶ ሮጡ። ማሙሽ ቆሞ ቀረ። እናቴ ዞር ብላ አየችውና፣ «አንተ እንዳትሄድ። አንተ የከተማ ልጅ ነህ፤ አትችለውም» አለችው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ማሙሽ አልነበረም።

ተከትዬ ሄድሁ። ከጤፉ ቃርሚያ ጥግ ከአንድ ቁጥቋጦ ጀርባ ተሸሸግሁ፤ እናቴም ቆይታ መጣች፣ ለሷ ግን መሸሸግ አላስፈለጋትም። ማሙሽ በመጀመሪያ ያደረገውን ሳስበው እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ወደ ትልቁ ልጅ ጠጋ ብሎ፣

«ለሮጠ ስንት ነው የሚከፈለው?» አለው።

ልጁ እንደ እብድ አየውና «በትርህስ?» ብሎ መለሰለት። የገና በትር ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት ነው፤ በገበያ አይሸጥም፣ ራስህ ፈልገህ ታገኘዋለህ። ማሙሽ ተዳፋቱን ወርዶ ከወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ሲዞር ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። ይህ አንዱ ጠማማ ግን ቀጭን፣ ያኛው ወፍራም ግን ቀጥ ያለ። ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ወርዶ በመጨረሻ እንደ ጳጳስ ዘንግ ጫፏ የዞረ አንዲት እንጨት ይዞ መጣ። ጉልበቱ ተቧጭሯል፣ ነጩ ካልሲው ላይ ጭጎጎት ተለጥፏል። ሰዓት አልያዝሁም፤ ይዤ ቢሆን ኖሮ የቻርቱ የጠዋትና የማታ 30 ደቂቃ ያኔ አልቆ ነበር።

ቡድን ሲለይ ሁለት ሁለት ልጆች ራቅ ብለው በሹክሹክታ ስም ያወጣሉ፤ ተመልሰው ለአባቶቹ «ከአንበሳና ከነብር የቱን?» ይላሉ። አባቶቹ የቡድን መሪዎቹ ናቸው፤ አንደኛው አባት 12 ዓመት ቢሆነው ነው። ማሙሽ ከጥንዱ ጋር ሹክ ተባብሎ ተመልሶ «ከባጃጅና ከሚኒባስ የቱን?» አለ። ሜዳው በሣቅ ወደቀ፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ባጃጅ ሆነ።

ሩሯ ከወይራ ሥር የተላገች፣ ከቡጢ የምታንስ ድቡልቡል ነገር ናት። ወሰን የለም፣ ዳኛ የለም፣ ቁጥሩም አልተቆጠረም፤ ብቻ ሩሯን ወደዚያኛው ወገን ዳር ማድረስ ነው። ማሙሽ ለግማሽ ሰዓት ያህል አንድ ጊዜም ሳይመታት ከወዲያ ወዲህ ሮጠ። ከዚያ ሩሯ መጣችና ጉልበቱ ሥር አጥንቱን አገኘችው። ድምፁ እኔ ጋ ድረስ ተሰማኝ። ተቀመጠ፤ አፉን ከፈተ፤ ልቅሶው መጣ። ብድግ ልል ስል እናቴ ጋቢዬን ከኋላ ያዘችኝ። ማሙሽ እያለቀሰ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። ማንም አላየውም። ጨዋታው ከሱ 50 ሜትር ርቆ ወደ ማዶ ሄዷል። ጥቂት አለቀሰ፤ የሚሰማው አጣ። በእጅጌው አፍንጫውን ጠረገና እግሩን አሻሽቶ፣ እያነከሰ፣ ወደ ጩኸቱ ሮጠ።

በገና ጨዋታ ጌታም ቢመታ አይቆጣም የተባለው ለአባትም ይሠራል እንግዲህ።

ፀሐይ ስትጠልቅ እንደ ጭቃ ከብዶ ገባ። እግሩን ሳይታጠብ እንጀራውን በላ፤ እየጎረሰ እንቅልፍ ወሰደው። ስልኩ መስኮቱ ላይ 80 በመቶ ባትሪ ይዞ አደረ። ይህ በቤታችን ታሪክ ሆኖ አያውቅም።

እሑድ በትሩን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አሳስረን ተመለስን። ቢቸና እንደገባን ማሙሽ የሰፈሩን ልጆች ሰበሰበ፤ ያ ንዑስ ተቋራጭም መጣ፣ ደመወዝ ሳይጠይቅ። ከሰፈራችን ጀርባ ያለ ባዶ ማሳ ላይ ጀመሩት። ገና ካለፈ ወዲህ ገና ምን የሚሉት ነው ያሉ ነበሩ፤ ልጆቹ ግን የቀን መቁጠሪያ አልያዙም። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በአራተኛው እኔ ደስታው ፈንቅሎኝ ቱታዬን ለበስሁ፣ ፊሽካዬን አንጠለጠልሁ፣ ሄድሁ። በመጀመሪያ ሰውነት ማሟሟቅ እንደሚያስፈልግ ነገርኋቸው። ቀጥሎ በዕድሜ ከፈልኋቸው። ሜዳውን በኖራ አሰመርሁ፤ ልኩንም 40 በ20 አደረግሁት፣ የማሙሽ ፈተና ትዝ ብሎኝ። አንድ ልጅ ከመስመር ሲወጣ ፊሽካ ነፋሁ፤ ሌላው ሲስቅ ነፋሁ። በማግስቱ ስሄድ ማሳው ላይ ኖራው ብቻ ነበር።

«የት ሄዱ?» ብዬ ማሙሽን ጠየቅሁት። እንጨቱን አቅፎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

«ስፖርት ነው ብለው ቀሩ» አለኝ።

ያን ቀን ፊሽካዬን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁበት። ቻርቱን ባለቤቴ ከግድግዳው ነቅላ ምጣድ ማንሻ አደረገችው። ለአንድ ሳምንት በዚያ ማሳ አቅጣጫ እንኳ አላለፍሁም። ድምፃቸው ተመልሶ ሲመጣ በመስኮት ሰማሁ፤ አልወጣሁም። ከመሐል አንድ የማውቀው ድምፅ «ለኔ! ለኔ!» ይላል። እህቱ ናት። ጀሪካኑ ግማሹን ይዞ ከደጃፉ ቆሟል። ባለቤቴ አየችው፤ አነሳችው፤ ምንም አላለችም።

በመጨረሻ የተፈቀደልኝ ሥራ አንድ ነው፤ ሩር ፈላጊ። ማሙሽ ራሱ ነው መጥቶ የነገረኝ፣ ደንቡንም ጭምር፦ ቱታ አይለበስም፣ ምክር አይሰጥም፣ ሩሯ ከጠፋች ተሯሩጦ ፈልጎ መስጠት ነው። ተቀበልሁ። የመጀመሪያው ሥራዬም ወዲያው መጣ። ልጄ፣ ሴቷ፣ በሁለት እጇ ከሥር አንሥታ መታቻትና ሩሯ ከሁላችንም ራስ በላይ አልፋ፣ አጥሩን ተሻግራ፣ ወደ ቦዩ ገባች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሮጥሁ። በቆዳ ጫማ፣ በቢሮ ሱሪ፣ ቦዩን ታክኬ ቁልቁል፣ ሆዴ ከፊቴ እየቀደመ።

ከታች በኩል ያ የኅዳሩ አባት መቋሚያቸውን ይዘው ሲመጡ አዩኝና ቀጥ አሉ።

«ልጄ! ዛሬስ ማን ሞቶ ነው?»

መተንፈስ አቅቶኝ ጉልበቴን ይዤ ቆምሁ። «ማንም... አባ... ሩር... ሩሯ ጠፍታ ነው።»

ፊታቸው ላይ ያዘጋጁት ሐዘን ሳያስፈልግ ቀረ። ወደ ማሳው አዩ፣ ወደ ልጆቹ፣ ወደ ቦዩ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ትከሻቸው ላይ ጣሉት።

«በየት ወደቀች?» አሉና መቋሚያቸውን ከጫፉ ገልብጠው ሣሩን ይገላልጡት ጀመር።